አማካዩ የሸፈነው፦ የሰርዶና የማገጥ ዘሮች ከሙቀት ጋር ያላቸው ጉዳይ

በዘር ምርመራ ቅጽ ላይ ካሉት ዓምዶች ሁሉ ለመሙላት የሚቀለው የመጨረሻው ነው። ቅጹ ጤናማ ቡቃያ ያወጡትን፣ የተበላሸ ቡቃያ ያወጡትን፣ ውኃ ሳይገባቸው ጠንክረው የቀሩትን፣ ውኃ ጠጥተው ሳይበሰብሱም ሳይበቅሉም የቆዩትን፣ በመጨረሻም የሞቱትን ለየብቻ ቆጥሮ እንዲያሰፍር መርማሪውን ይጠይቃል። ጊዜ ሲያጥር ወይም ዓይን ሲደክም ግን መካከለኞቹ ዓምዶች ባዶ ይቀሩና ያልበቀለው ሁሉ ወደ መጨረሻው ዓምድ ይጠቃለላል። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በመመረቂያ ጥናቷ የመጀመሪያ ወር ማብቂያ ላይ የሞላችው ቅጽ እንዲህ ያለ ነበር። በሰርዶ መሥመር ላይ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ሞተዋል ይላል፤ በማገጥ መሥመር ላይም እንዲሁ። ደግነቱ ቅጹ የተሞላው በእርሳስ ነው።

ዘሮቹ የተለቀሙት በኅዳር ወር፣ በሆለታ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ከሚገኝ የወል ግጦሽ መስክ ነው። መስኩ ለዓመታት ያለ ዕረፍት ስለተጋጠ መሬቱ በየቦታው ተራቁቷል። የጥናቱ ጥያቄ ለመናገር ቀላል፣ ለመመለስ ግን ከባድ ነበር። መስኩ ከከብት ቢከለል በራሱ ዘር መልሶ ይሸፈናል ወይስ ከውጭ ዘር ማምጣት ግድ ይሆናል? በእርሳስ የተሞላው ቅጽ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። የመስኩ ዘር ሞቷል ከተባለ ተከታዩ ምክር መሬቱን ማረስና የተገዛ ዘር መዝራት ነው። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ አንድ ነገር ነው፤ የታረሰ ተዳፋት የሰኔን የመጀመሪያ ዝናብ ሲቀበል ተጠርጎ የሚሄደው አፈር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንድ ዓምድ በስሕተት ቢሞላ ዕዳው ከቤተ ሙከራው ውጪ ላሉ ሰዎች ይተርፋል ማለት ነው።

ሙከራው በራሱ ጉድለት የሚታይበት አልነበረም። በእያንዳንዱ ፔትሪ ዲሽ ውስጥ በረጠበ የማጣሪያ ወረቀት ላይ 25 ዘሮች ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ ዝርያ አራት ድግግሞሽ ተዘጋጅቷል፤ ኢንኩቤተሩ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ተቀምጦ 21 ቀን ቆይቷል። ለምን 25 ዲግሪ እንደተመረጠ ሲጠየቅ ግን የሚገኘው መልስ ቀጭን ነው። ከዚያ በፊት በዚያው ቤተ ሙከራ የሠሩት ሁሉ 25 ላይ ሠርተዋል፤ መሣሪያውም በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሙቀት መያዝ አይችልም። በመመረቂያ ጽሑፎች የአሠራር ምዕራፍ ውስጥ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት ይገኛል። እንደ ቀን መቁጠሪያ ወይም እንደ ሚዛን የማይጠየቅ ነገር ሆኗል።

ሙቀት በዘር ላይ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ 25 ዲግሪ ክፉ ምርጫ አይሆንም ነበር። የመማሪያ መጻሕፍት የሚጀምሩት ከሦስት ነጥቦች ነው፦ ከበታቹ ዘር የማይበቅልበት መነሻ ሙቀት፣ ብቅለት እጅግ የሚፈጥንበት ምርጥ ሙቀት፣ ከበላዩ ደግሞ ብቅለት የሚቆምበት ጣሪያ። በመነሻውና በምርጡ መካከል የብቅለት ፍጥነት ከሙቀት ጋር ቀጥ ባለ መሥመር ይጨምራል። ጋርሲያ ሁይዶብሮ፣ ሞንቲዝና ስኳየር እ.ኤ.አ. በ1982 ፐርል ሚሌት በተባለው እህል ላይ ያሳተሙት ሥራ ይህን መሥመር በግልጽ ካሳዩት አንዱ ነው። ከዚህ የተወለደው የሙቀት ጊዜ ሒሳብ ውበት አለው። አንድ ዘር መነሻ ሙቀቱ 10 ዲግሪ፣ ለመብቀል የሚያስፈልገው ድምር ደግሞ 60 የዲግሪ ቀናት ቢሆን፣ በ20 ዲግሪ በየቀኑ 10 እያጠራቀመ በስድስት ቀን ይበቅላል፤ በ30 ዲግሪ በየቀኑ 20 እያጠራቀመ በሦስት ቀን። ሙቀቱ በቀን ውስጥ ከመነሻው በላይና ከምርጡ በታች ከፍና ዝቅ ቢልም ድምሩ አይለወጥም፤ አማካዩን ማወቅ ይበቃል።

ለስንዴ፣ ለጤፍና ለበቆሎ ይህ ሒሳብ ብዙ ርቀት ይወስዳል። ገበሬው ለሺህ ዓመታት ቶሎ የማይበቅለውን ዘር ሳያስበው ሲያስወግድ ኖሯል፤ በእርሻ ላይ የሚቀረው እርጥበት እንዳገኘ የሚነሣው ነው። የመስክ ዕፅዋት ግን እንዲህ ያለ መራጭ አልነበራቸውም። ከነሱ መካከል ለመጀመሪያው እርጥበት ሁሉ የሚነሣው ዝርያ በአንድ የበልግ ካፊያ ተታልሎ በቅሎ በተከተለው ድርቅ ያልቃል። ስለዚህ በመስክ ዘር ላይ የሙቀትን ሥራ ሲያጠኑ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ማደባለቅ አይገባም። አንደኛው ዘሩ በምን ያህል ፍጥነት ይበቅላል የሚል ነው። ሁለተኛው ከነጭራሹ ለመብቀል ይወስናል ወይ የሚል ነው። የሙቀት ጊዜ ሒሳብ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ተማሪዋ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የደረሰችው በአማካሪዋ ጥርጣሬ ነው። አማካሪዋ ቅጹን ተመልክተው፣ የሣር ፍሬ አንዳንድ ጊዜ ገለባ ብቻ ሆኖ ውስጡ ባዶ እንደሚሆን አስታወሱና ያልበቀሉትን በቴትራዞሊየም እንድትፈትን መከሯት። ፈተናው የታወቀ ነው። ውኃ የጠጣው ዘር በምላጭ ይሰነጠቅና አንድ በመቶ በሆነ የቴትራዞሊየም ውሁድ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚተነፍስ ሕያው ሕዋስ ቀለም የሌለውን ውሁድ ወደ ቀይ ይለውጠዋል፤ የሞተው ሕዋስ እንዳለ ይቀራል። ቅርፊቱ የተገፈፈ የሰርዶ ፍሬ ርዝመቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ስለማይሞላ ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። በማግስቱ ጠዋት በአጉሊ መነጽር ሥር የታየው ግን አያከራክርም ነበር። የአብዛኞቹ ፅንስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልቷል። 21 ቀን በረጠበ ወረቀት ላይ የተኙት፣ «ሞተዋል» የተባሉት የሰርዶ ዘሮች በሕይወት ነበሩ።

የዘር መመርመሪያ ደንቦች ስለ ሰርዶ የሚሉትን ቀድሞ ያነበበ ሰው አይደነቅም። ሰርዶ በዓለም ዙሪያ ለግጦሽና ለሜዳ ሣርነት የሚሸጥ ዘር ስለሆነ አመራረመሩ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ደንቡ በቀን ለ16 ሰዓት 20 ዲግሪ፣ ለ8 ሰዓት ደግሞ 35 ዲግሪ የሚፈራረቅ ሙቀት፣ በሞቃቱ ሰዓት ከብርሃን ጋር፣ ይጠይቃል። ተማሪዋ ይህን ይዛ ወደ አማካሪዋ ስትመለስ የተቀበላት አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፦ «እስቲ አማካዩን አስዪው።» 16 ጊዜ 20፣ 320 ነው፤ 8 ጊዜ 35፣ 280 ነው፤ ድምሩ 600 ለ24 ሲካፈል በትክክል 25 ይሆናል። ዘሮቹ የተኙበት ሙቀትና ደንቡ የሚጠይቀው ሙቀት በአማካይ አንድ ናቸው። በሙቀት ጊዜ ሒሳብ መዝገብ ላይ ሁለቱ አይለያዩም ማለት ይቻላል። ለዘሩ ግን አንዱ ዝም ያለ ግድግዳ፣ ሌላው በየቀኑ የሚነጋና የሚመሽ ዓለም ነው።

ሙቀትን በራሱ የሚያፈራርቅ መሣሪያ ስላልነበረ ፍርርቁ የተሠራው በእጅ ነው። ሁለት ኢንኩቤተሮች ተገኙ፤ አንዱ 20፣ ሌላው 35 ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተማሪዋ ለ21 ቀናት በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትሪዎቹን ወደ ሞቃቱ፣ በየማታው አሥር ሰዓት ላይ ወደ ቀዝቃዛው ትወስድ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር። በሳምንቱ ማብቂያ ላይ የሰርዶው ወረቀት ነጫጭ ለጋ ሥሮችና እንደ መርፌ የቀጠኑ አረንጓዴ ቡቃያዎች ሞልተውበት ተገኘ። ከአንድ መስክ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ የተለቀመ ዘር ነው፤ አማካይ ሙቀቱም አንድ ነው።

ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ተማሪዋም ማስረጃ ነው አላለችም። የመጀመሪያው ሙከራ በጨለማ፣ ሁለተኛው ከብርሃን ጋር ስለነበር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተለውጧል። በዚያ ላይ የሁለተኛው ሙከራ ዘሮች በቀን ሁለት ጊዜ ሲንቀሳቀሱ የመጀመሪያዎቹ ከቦታቸው አልተነሡም። ስለዚህ ሦስተኛው ዙር አራት ክፍል ሆኖ ተዘጋጀ፦ ቋሚ ሙቀት በብርሃንና በጨለማ፣ ተፈራራቂ ሙቀት በብርሃንና በጨለማ። የቋሚው ሙቀት ትሪዎችም በየጠዋቱና በየማታው ወጥተው እንዲመለሱ ተደረገ። ብርሃን ብቻውን ጥቂት ረዳ፤ ፍርርቁ ከዚያ ይልቅ ረዳ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ውጤቱ ከሁሉም በለጠ።

እግረ መንገድ ሌላ የማያስደስት ነገርም ታየ። በኢንኩቤተሩ ውስጥ የተቀመጠው ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር፣ መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች «ቋሚው» 25 ዲግሪ ከክፍሉ ቅዝቃዜ ጋር አብሮ ሲወርድ ይዞታል። በመጀመሪያው ዙር የበቀሉት ጥቂት ዘሮች የበቀሉት በ25 ዲግሪ ምክንያት ይሁን በመብራት መጥፋት ምክንያት መለየት አይቻልም። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሁሉ «በቋሚ ሙቀት» ተብሎ የተጻፈ ውጤት ከጎኑ የቴርሞሜትር መዝገብ ከሌለው በጥርጣሬ መነበብ ይኖርበታል።

ዘር ለምን አማካዩን ትቶ ልዩነቱን ያነባል? መልሱ ያለው ዘሩ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ለም ሣር በሸፈነው መሬት ላይ የቀኑ ፀሐይ ከአፈሩ ሳይደርስ በቅጠል ላይ ይቀራል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜም በዚያው ልክ ይበርዳል። ሣሩ በታጨደበት ወይም በሰኮና በተገለጠበት ቦታ ግን አፈሩ ቀን ይግላል፤ ሌሊት፣ በተለይ ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ፣ በኃይል ይቀዘቅዛል። ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ ልዩነቱ ይደክማል። በብዙ ዓይነት አፈር ውስጥ የዕለቱ የሙቀት ሞገድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ሲደርስ ከላይ ከነበረው ስፋቱ የሚቀረው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ አማካዩ ግን ከላይም ከታችም ተቀራራቢ ነው። ስንቁ ከአንድ ሚሊ ግራም በታች የሆነ የሣር ዘር ከዚያ ጥልቀት ተነሥቶ ብርሃን ላይ ሊደርስ አይችልም። አማካይ ሙቀት ለዘሩ ጥልቀቱንም ሆነ ከላዩ ጎረቤት መኖር አለመኖሩን አይነግረውም፤ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ርቀት ግን ሁለቱንም ይነግረዋል።

ይህን ሐሳብ ከግምት ወደ ሙከራ ካሻገሩት መካከል በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ቶምፕሰን፣ ግራይምና ሜሰን ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1977 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ የዕለት ሙቀት መለዋወጥ ዘር እንዲበቅል የሚያነሣሣ ምልክት ሊሆን እንደሚችል፣ ይህም በዕፅዋት መካከል የተከፈተን ክፍተት ለመለየት እንደሚያገለግል አመለከተ። ጽሑፉ የሚመለከተው የዚያን አገር ዕፅዋት ነው፤ የሆለታን መስክ አያውቅም። ይሁን እንጂ የሚያስተምረው የአሠራር ትምህርት ድንበር የለውም፤ ለሙቀት አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለት ቁጥር መጻፍ።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለው ተረት የሚጠቀሰው ራስ ወዳድነትን ለመንቀፍ ነው። በተረቱ ውስጥ የዕፅዋት ዕውቀት አለ ብሎ መከራከር ማጋነን ይሆናል። ሆኖም ከመስክ ሣር ሁሉ ሰርዶ መመረጡ ያለ ምክንያት አይመስልም፤ በየመንገዱ ዳርና በየተራቆተው ቦታ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነውና። አህያዋ ከመስኩ ስትወገድ የሚሆነውን ማሰቡም አይከፋም። ሣሩ ይረዝማል፣ አፈሩ ይሸፈናል፣ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ይጠባል፤ በዚያ ጥላ ሥር ያለው የሰርዶ ዘር ዝም የሚልበት በቂ ምክንያት ያገኛል። ሰርዶን የሚያስበቅለው አህያዋ በልታ የተወችው ባዶ ቦታ ነው።

የማገጡ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው፤ ስሕተቱም ከሰርዶው ይብሳል። ማገጥ፣ በደጋው መስክ በክረምት በቅሎ በመስከረምና በጥቅምት የሚያብበው ባለ ሦስት ቅጠል የእንስሳት መኖ፣ በተፈራራቂው ሙቀትም 21 ቀን ቆይቶ አልበቀለም። በቴትራዞሊየምም አልቀላም። ሁለት ፈተና ወድቋል፤ «ሞቷል» ለማለት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ነገር ግን ዘሮቹ ከረጠበው ወረቀት ላይ ሲነሡ እንደገቡበት ቀን ጠጣርና የሚያብረቀርቁ ነበሩ፤ ሻጋታም አልነካቸውም። የሞተ ዘር ውኃ ጠጥቶ ይላሽቃል፣ ይሻግታል፤ እነዚህ ግን አንዲት ጠብታ አልጠጡም። ቴትራዞሊየሙም ያላቀላቸው ፅንሱ ስለሞተ ሳይሆን ውሁዱ ከቆዳው ስላላለፈ ነው። ተማሪዋ የጥቂቶቹን ቆዳ በምላጭ ጫፍ ጫረችና መልሳ አረጠበቻቸው። በማግስቱ አብጠው ተገኙ፤ ከዚያም ሥር አወጡ። የቴትራዞሊየም መመሪያ ጠንካራ ቆዳ ያለው ዘር አስቀድሞ መጫር ወይም መቆረጥ እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። ይህን መሥመር መዝለል ቀላል ነው፤ ሰርዶውን የሰነጠቀ እጅ ማገጡን ሳይሰነጥቅ ያለፈውም በድካም ነው።

ጠንካራ ቆዳ ያለው የማገጥ ዘመድ በተፈጥሮ እንዴት እንደሚለሰልስ የታወቀው በአብዛኛው ከምዕራብ አውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኩዊንሊቫን የተባለው ተመራማሪ ለግጦሽ በሚዘራው የሰብተራኒያን ክሎቨር ዘር ላይ ሲሠራ፣ ደረቁ አፈር በበጋ ቀን እስከ 60 ዲግሪ ግሎ ሌሊት ወደ 15 ዲግሪ የሚወርድበት መለዋወጥ ለሳምንታት ሲደጋገም የዘሩን ቆዳ በአንድ የተወሰነ ነጥብ ላይ እንደሚከፍተው አሳይቷል። እዚህ ላይ የሙቀት ልዩነት ሥራው መልእክት ማድረስ አይደለም፤ እንደ ቁልፍ ቀስ በቀስ ቆዳውን ይከፍታል እንጂ። የሚሠራውም ዘሩ ደረቅ ሳለ ነው። ማገጥን በረጠበ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ሙቀት ማፈራረቅ ለሰርዶ የሚሆነውን ምልክት ለማገጥ መስጠት ነው። አንዱ ዘር እርጥብ ሆኖ የሚያነበውን ልዩነት ሌላው ደርቆ ይጠብቀዋል።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ የቃል ጉዳይ ይነሣል። ከሰሜን አገሮች የመጡ መጻሕፍት ብዙ የመስክ ዘሮች ለመብቀል ወራት የሚዘልቅ ብርድ እንደሚያስፈልጋቸው ያስተምራሉ፤ ለአውሮፓ መስኮች እውነት ነው። ሐሳቡ ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን አንዳንዴ «ዘሩ ክረምቱን ማሳለፍ አለበት» ተብሎ ይተረጎማል። ክረምት በኢትዮጵያ ደጋ የዝናብ፣ የደመናና ለዘብ ያለ ሌሊት ወቅት ነው፤ ውርጭ የሚወርደው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ክፍት፣ አፈሩ ደረቅ በሆነበት በጋ ነው። ወቅቱን ለብርድ ሳይሆን ለልዩነት ብሎ ያነበበ ሰው ሌላ ሥዕል ያገኛል። የቀንና የሌሊቱ ርቀት እጅግ የሚሰፋው ውኃ በሌለበት በጋ ነው፤ ውኃው ሲመጣ ደመናው ርቀቱን ያጠበዋል። ለማገጥ የሚመቸው ይህ ቅደም ተከተል ነው፦ በበጋ ቆዳው ይላላል፣ በሰኔ ይጠጣል። ለሰርዶ ግን ጠባብ መስኮት ነው የሚቀረው፤ አፈሩ የረጠበበት፣ ደመናው ገና ያልከደነበት፣ መሬቱም ገና በሣር ያልተሸፈነበት የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሰሞን።

ከዚህ አንጻር መስኩን መከለል ከሚለው ውሳኔ በላይ መቼ መከለል የሚለው ይከብዳል። በመስከረም፣ ሣሩ ከቆመ በኋላ የተከለለ መስክ ያለውን ሣር ይጠብቃል፤ ከሥሩ ያለውን ዘር ግን አያስነሣም። ከመጀመሪያው ዝናብ ጥቂት ቀደም ብሎ የተከለለ የተራቆተ መስክ ሰፊውን የሙቀት ልዩነትና ውኃውን አንድ ላይ ያገኛል፤ የሚነሣውም ቡቃያ ወዲያው አይጋጥም። በየዓመቱ ሳይከለል የሚቀረው መስክ ዕዳው ድርብ ነው። ባዶው አፈር ዘሩን ያስነሣዋል፣ ከብቱ ቡቃያውን ይበላዋል፣ በአፈሩ ያለው የዘር ክምችትም ያለ ምትክ ይመነምናል።

የአየር ንብረት ለውጥም የሚነካው ይህንኑ ርቀት ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት በብዙ የዓለም ክፍል ሌሊቱ ከቀኑ በበለጠ ፍጥነት ሞቋል፤ የኢትዮጵያ የሜትዮሮሎጂ መዛግብትም የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ቀድሞ መጨመሩን ያመለክታሉ። አማካዩ በአንድ ዲግሪ ቢጨምር ዘሩ በምን ያህል ይፈጥናል የሚሉ ጥናቶች በርካታ ናቸው። ርቀቱ በአንድ ዲግሪ ቢጠብ ስንቱ ዘር ሳይነሣ ይቀራል የሚለው ግን የሚለካው ሁለቱንም ቁጥር በያዘ መዝገብ ብቻ ነው።

ተማሪዋ በቅጹ የመጨረሻ ዓምድ ላይ የነበሩትን ቁጥሮች በላጲስ አጥፍታ የሰርዶዎቹን «ትኩስ፣ ያልበቀሉ»፣ የማገጦቹን «ጠንካራ» በሚሉት ዓምዶች ውስጥ አሰፈረች። የሞቱት ቁጥር ትንሽ ሆነ። ከጥናቷ በጀት የቀረው ገንዘብ ለተገዛ ዘር አልዋለም፤ ከብር ኖት የማይሰፉ ጥቂት የሙቀት መመዝገቢያዎች ተገዝተውበት በሆለታው መስክ፣ ገሚሶቹ በሣር ሥር ገሚሶቹ በባዶ መሬት፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ተቀብረዋል። በየሰዓቱ ይመዘግባሉ። በሐምሌ ይወጣሉ።